አሥር ካሬ ያለው የሽንት ስትሪፕ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ቤት ውስጥ ሽንት ለመመርመር ስለሚሸጠው ስትሪፕ ነው የምጽፈው። ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ላዩ ላይ አሥር ትናንሽ ካሬዎች ተለጥፈዋል። ሽንት ውስጥ ነክራችሁ ታወጡታላችሁ፣ ካሬዎቹ ቀለም ይቀይራሉ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ታስተያያላችሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም። ብዙ ድርጅቶች ያመርቱታል፣ አሠራሩም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ እዚህ የምለው ለአብዛኞቹ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ዕድሜዬ 46 ነው። አላጨስም፣ ደም ግፊቴ ደህና ነው፣ ሩጫ እወዳለሁ። ለሥራ ተብሎ በተደረገልኝ የጤና ምርመራ የሽንት ውጤቴ «ደም 1+፣ ፕሮቲን ትሬስ» ብሎ መጣ፤ ደም በአነስተኛ ደረጃ፣ ፕሮቲን ደግሞ ለምልክት ያህል ታየ ማለት ነው። ምንም አያመኝም። ስሸና አያቃጥለኝም፣ ትኩሳት የለኝም፣ የሽንቴም መልክ እንደ ወትሮው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ መስመሮች በደማቁ ታትመዋል፣ አጠገባቸው ምልክት አለ፣ ማብራሪያ የሚባል ነገር የለም። ቀጠሮዬ እስኪደርስ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ስትሪፑን የገዛሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ጥሩ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ጠርሙሱ ክዳኑ በደንብ ይገጥማል፣ ውስጡም እርጥበት የሚመጥ ነገር አለው። ይህ ለጌጥ አይደለም። ክዳኑ ክፍት ሆኖ የቆየ ስትሪፕ የሌለ ነገር ያሳያል፣ በተለይ የናይትራይት (አንዳንድ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የሚፈጥረው ኬሚካል) ካሬ አየር ብቻ ነክቶት ሮዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ አውጥቶ ወዲያው መክደን ነው። መታጠቢያ ቤት እንፋሎት ውስጥም አታስቀምጡት።

ንባቡ ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ካሬዎቹ በአንድ ጊዜ አይነበቡም። የእኔ ጠርሙስ ላይ እንደተጻፈው ስኳር በ30 ሰከንድ፣ ኪቶን በ40፣ ደምና ፕሮቲን በ60፣ ነጭ የደም ሴል ደግሞ በሁለት ደቂቃ ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ቀለም አይቆጠርም። ትቶት ሄዶ ተመልሶ የሚያይ ሰው ሁሉም ካሬ ተበላሽቶ ያገኘዋል፣ ይደነግጣልም። ይህ ወሳኝ መመሪያ የታተመው በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል ነው። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ በስልኬ ሰዓት ይዤ ነው ያነበብኩት። ቢጫ አምፖል ሥር የደሙ ካሬና የፕሮቲኑ ካሬ አረንጓዴያቸው ይምታታል። ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሰው ሌላ ሰው ቢያነብለት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ወደ ደሙ ካሬ።

ይህ ካሬ የደም ሴል አያይም። የሚያየው ሄም የሚባለውን፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢንን ብረት የያዘ ክፍል ነው። ሄም ካሬው ላይ ያለውን ኬሚካል ቀለም ያስቀይረዋል። ችግሩ ሄም ያለው ደም ውስጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። የጡንቻ ፕሮቲን የሆነው ማዮግሎቢንም ሄም አለው፣ ያንኑ ቀለም ያመጣል። ሽንቱ የተያዘበት ዕቃ በበረኪና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀም ካሬው ሊታለል ይችላል። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ በብዛት የሚወስድ ሰው ደም እያለው እንኳ ካሬው ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ «ደም 1+» ማለት ገና «ደም አለ» ማለት አይደለም። ደም አለ የሚባለው ሽንቱ ማይክሮስኮፕ ሥር ታይቶ፣ በአንድ ከፍተኛ ማጉያ እይታ ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ቀይ የደም ሴል ሲቆጠር ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ጠርሙሱ ላይም ሆነ ከውስጡ የወጣው ወረቀት ላይ ስለዚህ አንዲት መስመር የለም።

ሐኪሟ ዘንድ ስደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ኩላሊቴ አልነበረም።

«ከምርመራው በፊት በነበረው ቀን ምን ሠሩ?» አለችኝ።

«ረጅም ሩጫ ሮጥኩ።»

«የወር አበባዎስ?»

«ገና ማብቃቱ ነበር።»

«እንግዲያው ጥቂት ቀን ሳይሮጡ ይቆዩ። የወር አበባዎም በደንብ ይለፍ። ከዚያ እንደገና እናየዋለን፣ ማይክሮስኮፕም ይጨመርበታል።»

ከባድ ስፖርት ኩላሊታቸው ደህና የሆነ ሰዎችን ሽንት ውስጥ ደምም ፕሮቲንም ለጊዜው ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት ቀን ውስጥ ይጠፋል። የወር አበባ ደም ደግሞ ከውጭ ነው የሚቀላቀለው፣ ከኩላሊትም ከፊኛም አይመጣም። ሁለቱም እኔ ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ምርመራዬ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ማይክሮስኮፕ ሥርም ከቁጥር የሚገባ ነገር አልተገኘም።

እዚህ ላይ ስትሪፑን ላመስግነው። ከሩጫ ርቄ በቆየሁባቸው ቀኖች ቤት ውስጥ ስሞክረው የደሙ ካሬ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ሐኪም ያለችውን በዓይኔ ማየቴ አረጋጋኝ። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ፣ ማለትም «ያ ነገር አሁንም አለ ወይስ ሄደ?» ለሚል ጥያቄ፣ ስትሪፑ ጠቃሚ ነው። ግን የላቦራቶሪውን ምርመራ አልተካልኝም፣ መተካትም የለበትም።

ፕሮቲኑ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስትሪፑ የሚለካው መጠን በተወሰነ ሽንት ውስጥ ያለውን ነው። ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ወፍራም ስለሚሆን ትንሿ ፕሮቲን ትበዛለች። ብዙ ውሃ የጠጣ ሰው ደግሞ እውነተኛ ፕሮቲን እያለው ቀጥኖ ሊጠፋበት ይችላል። ለዚህ ነው ስትሪፑ ላይ ያለውን ሌላ ካሬ፣ የሽንቱን ውፍረት የሚያሳየውን፣ አብሮ ማንበብ የሚያስፈልገው። ቁጥሩ 1.030 አካባቢ፣ ማለትም ሽንቱ ወፍራም፣ ሆኖ ፕሮቲኑ ትሬስ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። 1.005፣ ማለትም ቀጭን፣ ሆኖ ትሬስ ከመጣ ግን ክብደት ይሰጠዋል። ሁለቱን ካሬ አገናኝቶ ማንበብ እንደሚገባ የነገረችኝ ሐኪሟ ናት፣ አምራቹ አይደለም።

ትኩሳትም፣ ከባድ ብርድም፣ ስፖርትም ፕሮቲን ያመጣሉ፣ ከዚያም ይሄዳል። ወጣቶች ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቆመው ሲውሉ ፕሮቲን ይወጣል፣ ተኝተው ሲያድሩ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ንጹሕ ይሆናል። ይህ ከ30 ዓመት በላይ ብዙም አይታይም፣ ጉዳትም የለውም። ስለዚህ ፕሮቲን የታየበት ወጣት ከአልጋ እንደተነሳ ያለውን ሽንት ማስመርመሩ ብቻ ብዙ ሊያጠራለት ይችላል።

የማይጠፋ ፕሮቲን ግን ቀልድ አይደለም። ደጋግሞ ከመጣ ላቦራቶሪ ውስጥ አልቡሚን (ዋናው የደም ፕሮቲን) ከክሪያቲኒን (ኩላሊት ከሚያስወጣው የጡንቻ ቆሻሻ) ጋር ተነጻጽሮ ይለካል። በአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ የኩላሊት በሽታ ይባላል፣ ሰውየው ምንም ባያመውም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ በዚህ ስትሪፕ አትተማመኑ። የኩላሊት ጉዳት ሲጀምር የሚወጣው አልቡሚን ትንሽ ስለሆነ የስትሪፑ ካሬ ብዙ ጊዜ አያየውም። ለእናንተ የሚያስፈልገው ያ የላቦራቶሪ ልኬት ነው፣ እሱን በየጊዜው አስለኩ።

የስኳሩን ካሬ በአጭሩ ልለፈው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ወደ 180 ሚሊግራም ሲያልፍ ነው ብዙ ሰው ሽንት ውስጥ የሚፈሰው። ስለዚህ ካሬው ንጹሕ ሆነ ማለት ስኳር በሽታ የለም ማለት አይደለም። ከመጣ ደግሞ ቀጣዩ እርምጃ የደም ምርመራ ነው። ኤምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ስኳሩ በጣም ጨምሮ ቢታይ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፣ ስኳርን በሽንት ማስወጣት ነውና ተግባሩ። ኪቶን፣ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጥረው ነገር፣ ሳይበላ ብዙ ሰዓት በቆየ ሰው ላይ ይታያል። ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ቀለም ግን ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ መታየት የለበትም፣ ከታየ ጉበት መመርመር አለበት።

ታሪኩንም አንድ ጊዜ ላንሳ፣ ይገባዋልና። እ.ኤ.አ. በ1956 ሔለን ፍሪና ባለቤቷ አልፍሬድ ፍሪ የሠሩት ስኳርን የሚለይ ስትሪፕ ገበያ ላይ ዋለ። ነክሮ ማየት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጄ የያዝኩት ባለ አሥር ካሬ የዚያ ልጅ ነው። ይህን የመሰለ ረቂቅ ኬሚስትሪ እንዲህ ቀሎ ሰው እጅ መግባቱን ከልቤ አደንቃለሁ።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት፣ ሁለቱ «ኢንፌክሽን» ካሬዎች።

እናቴ ከ70 ዓመት በላይ ናት። ስትሪፑን ስታይ እሷም ሞከረች፣ ሁለቱም ካሬ ቀለም ቀየረባት። ሽንቷ አያቃጥላትም፣ አይቸኩላትም፣ ደህና ትበላለች። ግን ሰማይ ምድሩ ዞረባት። «ልጄ፣ ጀርም አለ እያለ እንዴት ዝም ይባላል? መድኃኒቱን አምጪልኝ» አለችኝ። ይዣት ሄድኩ።

«እማማ፣ ሲሸኑ የሚያቃጥልዎ ነገር አለ?» አላት ሐኪሙ።

«የለም።»

«ትኩሳት? ጎንዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም የለብኝም ልጄ፣ ካሬው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው መድኃኒት አያስፈልግዎትም። ካሬውን አናክምም፣ እርስዎን ነው የምናክመው።»

እናቴ ቅር አላት። እኔ ግን እጁን ልስመው ነበር የቀረኝ። ምልክት ሳይኖር ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ መኖሩ የተለመደ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ከሆኑ ሴቶች ከአሥሯ አንዷ ወይም ከዚያ በላይ ይገኝባቸዋል። ምንም አያደርጋቸውም። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ምልክት የሌላቸውን ሰዎች ለዚህ ብሎ መመርመርም ማከምም አይገባም ይላል። ዋና ዋናዎቹ ልዩ ሁኔታዎች ነፍሰ ጡሮችና ሽንት ቧንቧቸውን ሊያደማ የሚችል የመሣሪያ ሥራ ሊሠራላቸው የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። ነፍሰ ጡር ላይ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት ሊወጣ ስለሚችል ይመረመራል፣ ይታከማልም። ለሌላው ሰው ያለ ምክንያት የተዋጠ አንቲባዮቲክ ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው። ነገ እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ ያ መድኃኒት እምቢ ይላል።

በዚያ ላይ ሁለቱ ካሬዎች በቀላሉ ይታለላሉ። ከማህፀን የሚወጣ ፈሳሽ ከሽንቱ ጋር ከተቀላቀለ ነጭ የደም ሴሉ ካሬ ቀለም ይቀይራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ኢፒቴሊያል ሴል (የቆዳና የገላ ውስጥ ሽፋን ሴል) አብሮ ከታየ ናሙናው ከውጭ ተበክሏል የሚባለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በደንብ ታጥቦ መጀመሪያ የሚመጣውን ማፍሰስ፣ መሃል ላይ ያለውን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ መያዝ፣ ብዙ ሳይቆይ መመርመር ነው። ክፍል ውስጥ ሰዓታት የቆየ ሽንት ባክቴሪያው ይረባል፣ ሴሎቹም ይፈርሳሉ። ወዲያው ካልተመረመረ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል።

እስካሁን የምለው ሁሉ «አትደንግጡ» ይመስላል። አሁን ደግሞ ስለ ወንድሜ ልናገር።

ታላቅ ወንድሜ ሲጋራ ያጨስ ነበር፣ ትቷል። ዕድሜው ከ60 አልፏል። እሱም እንደ እኔ ምንም አያመውም። በዚሁ ስትሪፕ የደሙ ካሬ 1+ አለው። ካሬው ከእኔው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። አልሮጠም፣ አልታመመም። ላቦራቶሪ ሄዶ ማይክሮስኮፕ ሥር ታየ፣ ቀይ የደም ሴል በእርግጥ አለ። ለእሱ የተደረገው ከእኔ ፈጽሞ ሌላ ነው። የኩላሊት ምስል ተነሳ፣ ከዚያም ፊኛው በሲስቶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከውስጥ ታየ። ካንሰር አልተገኘበትም፣ ፕሮስቴቱ አድጎ ነበር። ክትትሉ ግን ቀጥሏል።

ለምን ይህን ያህል? የፊኛ ካንሰር መጀመሪያ ላይ የሚታይበት መንገድ ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው ደም ስለሆነ ነው። ሲጋራ ደግሞ ዋነኛው መንስኤው ነው፣ ከተተወ በኋላም አደጋው ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ሐኪም ዕድሜን፣ ሲጋራን፣ የሴሎቹን ብዛት፣ ደሙ በዓይን ታይቶ ያውቅ እንደሆነ ሁሉ ይመዝናል። ሽንቱ አንድ ጊዜ እንኳ ቀይ ሆኖ ያየ ሰው፣ በነጋታው ቢጠራም፣ መታየት አለበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም «ከመድኃኒቱ ነው» ብሎ መተው የለበትም፣ እንደማንኛውም ሰው ይመረመራል።

የስትሪፑ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ለእኔም ለወንድሜም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሰጠን። ሰውየውን አያውቅም። ይህ የስትሪፑ ጥፋት አይደለም፣ ወረቀት ነው። ጥፋቱ ያለው አብሮት በሚመጣው ማብራሪያ ላይ ነው። ማብራሪያው ለአሥሩም ካሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለው፤ «ውጤቱ ከተለመደው ውጭ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ምሳ ስላልበላ ኪቶን የታየበት ሰውና ሲጋራ ያጨስ የነበረ፣ ደም የታየበት ሰው እኩል ይስተናገዳሉ። አንዱ ያለ ምክንያት ይሸበራል። ሌላው ደግሞ፣ ይህ ነው የሚያሳስበኝ፣ «እንደ ባለፈው ኪቶን ዝም ብሎ ይጠፋል» ብሎ ይተወዋል። ሁለት ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ማን ይግዛው? ሐኪሙ አንድን ነገር ቤት ሆኖ እንዲከታተል የነገረው ሰው ይግዛው። ምንም የማያመው፣ ዝም ብሎ ራሱን ለማየት የፈለገ ጤነኛ ሰው ባይገዛው እመርጣለሁ። አሥር ነገር በአንዴ ከተጠየቀ አንዱ ካሬ ትንሽ ቀለም መቀየሩ አይቀርም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀትና የምርመራ ጋጋታ ከጥቅሙ ይበልጣል። ለወንድሜ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ስትሪፑ ንጹሕ ቢያሳይ እንኳ በዓይን የታየን ደም አያስተባብልለትም። የእናቴን ነገር ካያችሁ ለሽማግሌ ወላጆቻችሁ በስጦታ አትስጡ።

አምራቾቹ ይህን ቢያነቡ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የንባብ ሰዓቶቹን በትልቅ ፊደል አትሙ። ከደሙ ካሬ ጎን «ከስፖርትና ከወር አበባ ርቀው ይድገሙ፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይረጋገጥ፣ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ ከነበረ አይዘግዩ» በሉ። ከፕሮቲኑ ጎን «ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ይህ አይበቃም» በሉ። ከናይትራይቱ ጎን «ነፍሰ ጡር ካልሆኑና ምንም ካላመመዎት አንቲባዮቲክ አይጀምሩ» በሉ። ይህን የያዘ ጠርሙስ ካገኘሁ አራተኛውን ኮከብ በደስታ እጨምራለሁ።